የጓሮ አትክልት ብር የሚቆጥበው መቼ ነው?

አዲስ ለተቀላቀላችሁን፦ እኔ በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ፍሪላንሰር የሚባለው ማለት ነው። የምጽፈው ስለ ቤተሰብ ገንዘብ አያያዝና ስለ ጓሮ አትክልት ነው። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የሚገናኙት አስቤዛ ላይ ነው። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ እኛ ስለፈለግን አይቀንሱም። የዘይትና የስኳር ዋጋም በእጃችን አይደለም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ለቅጠልና ለማጣፈጫ የምናወጣው ግን ልንነካው የምንችል ወጪ ነው።

ይሁን እንጂ ጓሮ ስለተተከለ ብቻ ገንዘብ ይተርፋል ማለት አይደለም። የሚተርፈው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው።

አንደኛ፦ የምንተክለውን በሒሳብ መምረጥ

በየቀኑ የምንገዛው ሽንኩርት ስለሆነ ብዙ ሰው በሽንኩርት ይጀምራል። ሽንኩርት ግን ወራት ቆይቶ ከአንድ ተክል አንድ ራስ ብቻ ይሰጣል፤ ተነቀለ ማለት አለቀ ማለት ነው። ሰፊ መሬት ለሌለው ሰው አያዋጣም። ቲማቲም ደግሞ ፀሐይ ይወዳል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ላይ ቅጠሉ እየጠቆረ በበሽታ ይጠቃል።

ቆስጣና ጎመን ከዚህ ይለያሉ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ይስማማቸዋል። ቆስጣ ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው መቆረጥ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ይበላል። ምስጢሩ አቆራረጡ ላይ ነው። ከውጭ በኩል ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ከሥራቸው ጠጋ ብላችሁ ቁረጡ፤ መሀሉ ላይ ያሉትን አራት አምስት ለጋ ቅጠሎች አትንኩ። አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከመሀል ነውና።

ዘሩንም ልብ በሉት። አንድ ፍሬ የምትመስለው ሸካራ የቆስጣ ዘር በውስጧ ከአንድ በላይ ዘር ስለምትይዝ፣ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ችግኝ ሲወጣ አትገረሙ። ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌላውን አሳሱ፤ የተነቀለውም ለጋ ስለሆነ ከሰላጣ ጋር ይበላል። አሮጌ የ20 ሊትር ጀሪካን አፉን ቆርጣችሁ፣ ሥሩን ቀዳድታችሁ ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ብትሞሉበት ይበቃዋል። በረንዳ ብቻ ላላችሁ ደግሞ ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል በትንሽ ቦታ ብዙ ያገለግላሉ።

ሁለተኛ፦ የተረፈውን ብር መያዝ

ይህን ነው አጥብቄ መናገር የምፈልገው። ያልወጣ ብር ገና የተቆጠበ ብር አይደለም። ቆስጣ ባለመግዛታችን የተረፈችው ብር ኪሳችን ውስጥ ከቆየች እስከ ማታ ለሌላ ነገር ትሄዳለች። ስለዚህ ከጀሪካኑ በቆረጣችሁ ቁጥር የአንድ እስር ዋጋ ያንኑ ሰዓት ወደ ሌላ ሒሳብ አስተላልፉ። በባንክም ሆነ በቴሌብር ደቂቃ አይፈጅም። ለምሳሌ እስሩ 30 ብር ቢሆንና በሳምንት ሁለት እስር ብትቆርጡ በዓመት 3,120 ብር ይሆናል። ሀብታም አያደርግም፤ ግን ድንገት ለሚመጣ የመድኃኒት ወጪ ከመበደር ያድናል።

ወጪውንም ጻፉ። ዘር፣ አፈር፣ ኮምፖስት፣ ውሃ በአንድ በኩል፤ የተላለፈው ብር በሌላ በኩል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እስኪበልጥ ድረስ ጓሮው ገና ዕዳ ላይ ነው። ለዚህ ነው ውድ የአበባ ማስቀመጫ ገዝታችሁ አትጀምሩ የምለው።

ብሩ የት ይቀመጥ? ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ባንክ የሚቀመጥ ብር አቅሙ እየሳሳ እንደሚሄድ አውቃችሁ፣ ለድንገተኛ ችግር የሚሆነውን ብቻ እዚያ አቆዩ። ከዚያ በላይ የሆነው ዕቁብ ይግባ፤ ሲደርሳችሁ ቤት ውስጥ የሚያገለግል ነገር ይሁን።

እንደ እኔ ገቢያችሁ ወር ጠብቆ ለማይመጣ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። የዕቁብ መዋጮ ስትመርጡ ደህና ገቢ ያገኛችሁበትን ወር አትመልከቱ፤ ዝቅተኛውን ገቢ ያገኛችሁበትን ወር አስቡ። ክፍያ ሲዘገይ የዕቁብ ዳኛው አይዘገይምና።

ለዚህ ሳምንት የምሰጣችሁ የቤት ሥራ ቀላል ነው። ምንም አትትከሉ። ለሰባት ቀን የገዛችሁትን ቅጠልና ማጣፈጫ ሁሉ ከነዋጋው ጻፉ። ደጋግሞ የተጻፈው የመጀመሪያ ተክላችሁ ነው።