የመዛግብት ድርድርን ከፓይተን ወደ ሲ ማስተላለፍ፦ የሐረር ጁገል ቅርሶች እንደ ማሳያ

መግቢያ

ሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ለዚህም ክብር ካበቁት ሀብቶቹ መካከል 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ስፍራዎች ይገኛሉ። እነዚህን 184 ስፍራዎች በዲጂታል መዝገብ የሚያደራጅ ተመራማሪ መረጃውን ለማንበብና ለማጽዳት ፓይተንን፣ ለከባድ ስሌት ደግሞ ሲን ቢመርጥ አያስደንቅም። በእያንዳንዱ ጥንድ ስፍራ መካከል ያለውን ርቀት ማስላት ብቻ 16,836 ስሌቶችን ይጠይቃል፤ የመኖሪያ ቤቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ በፍጥነት ይንራል።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል አንድ ቁጥር ማስተላለፍ ቀላል ነው። ችግሩ የሚነሳው መለያ ቁጥርን፣ ኬክሮስን፣ ኬንትሮስን፣ ዓይነትንና ስምን አንድ ላይ የያዙ መዛግብት በድርድር መልክ ሲተላለፉ ነው። ስህተት ቢፈጠር ፕሮግራሙ ላይቆም ይችላል፤ ይልቁንም መስጊድን ከቦታው ያፈናቀለ ካርታ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ስህተት ሦስት ምንጮችና መከላከያቸውን ያብራራል።

የባይቶች አቀማመጥ

የፓይተን ዝርዝር መዛግብቱን ራሳቸውን በተርታ አይዝም፤ የሚይዘው የሚገኙበትን አድራሻ ነው። የሲ የመዋቅር ድርድር ግን መዛግብቱ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እርስ በርስ ተያይዘው እንዲቀመጡ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመተላለፉ በፊት መረጃው ወደ ተከታታይ ባይቶች መገልበጥ አለበት።

ለማሳያ መለያ ቁጥር 4፣ ኬክሮስ 8፣ ኬንትሮስ 8፣ ዓይነት 1 እንዲሁም ስም 16 ባይት ይኑራቸው። ድምሩ 37 ነው። ይሁንና በተለመዱት ባለ 64 ቢት ኮምፒውተሮች የሲ ኮምፓይለር ለዚህ መዋቅር 48 ባይት ይመድባል፤ ባለ 8 ባይት ቁጥሮች በ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲጀምሩ ከመለያ ቁጥሩ ቀጥሎ 4፣ በመዝገቡ መጨረሻ ደግሞ 7 ባዶ ባይቶች ይጨምራል። በነምፓይ የሚገለጽ የመዋቅር ዓይነት በአንጻሩ፣ የማስተካከያ አማራጩ ካልተመረጠ በቀር፣ 37 ባይት ብቻ ይይዛል።

ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሲ ኬክሮስን ከ8ኛው ባይት ጀምሮ ያነባል፤ እዚያ ያለው ግን የኬክሮስ ሁለተኛ አጋማሽና የኬንትሮስ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። በተጨማሪም ለ184 መዛግብት የተሰጠው 6,808 ባይት ሆኖ ሳለ ሲ 8,832 ባይት ለማንበብ ይሞክራል፤ 2,024 ባይት የእርሱ ያልሆነ ቦታ ማለት ነው። መስኮቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ማስቀደም መዋቅሩን ወደ 40 ባይት ያሳንሰዋል፤ አለመግባባቱን ግን አያስወግድም።

የግዕዝ ፊደል ርዝመት

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም ውስጥ ተካቷል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ክፍተት ግን 1 ባይት ነው። ከጁገል በሮች መካከል «ሸዋ በር» እና «ቡዳ በር» እያንዳንዳቸው 13 ባይት ናቸው። «ሰንጋ በር»፣ «ኤረር በር» እና «ፈላና በር» ግን ልክ 16 ባይት ይሞላሉ። ፓይተን የእነዚህን የእያንዳንዳቸውን ርዝመት 6 ይላል፤ በዚህ ቁጥር የተማመነ ሰው 16 ባይት የተትረፈረፈ ቦታ ይመስለዋል። ሆኖም ሲ የጽሑፍን ፍጻሜ የሚያውቀው በዜሮ ባይት ነው፤ ለሦስቱ ስሞች ደግሞ የዜሮዋ ቦታ አልቀረም። ቀጥለው ያሉት ባዶ ባይቶች በአጋጣሚ ዜሮ ከሆኑ ስህተቱ ተሸሽጎ ይቆያል፤ አቀማመጡ ሲለወጥ ይገለጣል።

መስኩን ማስፋት ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ የአንድ ስፍራ ስም በሐረሪ፣ በአማርኛና በዐረብኛ ሲጻፍ ርዝመቱ ይለያያልና። የተሻለው መንገድ ስሞቹን በአንድ የባይት ተርታ አያይዞ መነሻቸውን በሌላ ድርድር መያዝ ነው። ከላይ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል የአምስቱ በሮች መነሻዎች 0፣ 13፣ 26፣ 42 እና 58 ይሆናሉ፤ ፍጻሜው 74 ነው። አፓቼ አሮው ጽሑፍን የሚያደራጀው በዚሁ ስልት ነው።

ባለቤትነት

ፓይተን ማንም የማያመለክተውን ዕቃ ከማኅደረ ትውስታ ያጠፋል፤ ሲ አድራሻውን ይዞ መቅረቱን ግን አያውቅም። ስለዚህ ውሉ ግልጽ መሆን አለበት፦ ቦታውን የመደበ ወገን ራሱ ይልቀቀው፤ ሲም ጥሪው ካበቃ በኋላ አድራሻውን አያቆይ። ሲ አዲስ ድርድር የሚመልስ ከሆነ የሚያስለቅቅ ተግባር አብሮ ሊያቀርብ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዋናው ስሌት በፊት ሦስት ፍተሻዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ የመዋቅሩን መጠንና የየመስኩን መነሻ ከሁለቱም ቋንቋዎች ጠይቆ ማነጻጸር፤ ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውንም መዝገብ መልሶ ማንበብ፤ ሦስተኛ፣ መጋጠሚያዎቹን ከሚታወቀው ስፍራ ጋር ማስተያየት። ሐረር በ9.3 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ42.1 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ትገኛለች፤ ከዚህ የራቀ ቁጥር የወጣለት መስጊድ በመሬት ላይ ሳይሆን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ቦታውን ስቷል።