የግቢ ማስዋቢያ በጀት፦ ከሳሩ በፊት ውሃው

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢውን በባለሙያ ለማስዋብ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሳሩንና የአበባውን ዋጋ ነው። በጀቱን የሚያናጋው ግን ከመሬት በታች ያለው ሥራ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ 200 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ ሲወርድ 8,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። በቦሌና በአቃቂ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር ደግሞ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የኮብልስቶን ንጣፉንም ያናጋል። ስለዚህ የውሃ መውረጃውና የአፈር ቅየራው ዋጋ በውሉ ላይ ተነጥሎ ቢሰፍር ይበጃል። ገንዘቡ ካልበቃ ሳሩ ለከርሞ ሊቆይ ይችላል፤ ቱቦን ከንጣፍ በኋላ መቅበር ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ክረምቱ ሲያልፍ የአትክልተኛና የውሃ ወጪ በየወሩ ይቀጥላል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ሰፊ ሳር ማልበስ ቅንጦት ነው። ከክፍያው የተወሰነውን የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ ማቆየት የሚያስችል ውል ማሰርም ይቻላል።