መዶሻውን በሆዱ የያዘው መሰርሰሪያ

በድንጋይ ማውጫ ስፍራ ሁለት ሰዎች ተጋጥመው አለት ሲበሱ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ አንደኛው ረጅሙን የብረት መሮ ቀጥ አድርጎ ሲይዝ፣ ሁለተኛው በከባድ መዶሻ አናቱን ሲመታ፣ ያዡም ከእያንዳንዱ ምት በኋላ መሮውን በመዳፉ ውስጥ ጥቂት ዘወር ሲያደርገው ማስተዋሉ አይቀርም። ይህች ጥቂት ዘወር ማድረግ ለተመልካች ከልማድ የመጣች የእጅ ጨዋታ ትመስለዋለች እንጂ የሥራው ምሥጢር በእርስዋ ላይ የቆመ ነው፤ ብረቱ ሳይዞር ቢመታ ስለቱ ሁልጊዜ በቀደመው ሰንበሩ ላይ እየወደቀ ይቀረቀራልና፣ ሲዞር ግን በየምቱ አዲስ የአለት ገጽ እያገኘ ይፈረፍረዋል። የተፈረፈረውንም ዱቄት በቀጭን የብረት ማንኪያ እየጨለፉ ያወጡታል። እንግዲህ መምታት፣ ማዞር፣ ዱቄቱን ማውጣት፣ እነዚህ ሦስቱ አለት የመብሳት ግብሮች ናቸው፤ ዛሬም በየሕንፃው ሥራ ሲያጓራ የምንሰማው፣ ሠራተኞች ባጭሩ ድሪል የሚሉት፣ በገመድ የሚሠራው የኮንክሪት መሰርሰሪያ ሦስቱን ባንድ አካል አስተባብሮ ከመያዙ በቀር አዲስ ሕግ አላመጣም።

ነገር ግን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት መሰርሰሪያዎች ሁሉ የአንድ ነገድ ልጆች አይደሉም። የመዶሻ ሥዕል ተስሎባቸው የሚሸጡት ቀላሎቹ፣ በውስጣቸው ያሉት ሁለት ጥርሳም የብረት ክቦች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ከሚያሰሙት መንገጫገጭ በቀር ሌላ መዶሻ የላቸውም፤ የምታቸውም ብርታት የሚመጣው ከሚገፋቸው ሰው ክንድ ስለሆነ፣ በጠነከረ ኮንክሪት ፊት ሠራተኛውን አድክመው፣ የሚበሳውን ብረት ማለት ፑንታውን አግለው ይቀራሉ። የኮንክሪቱ መሰርሰሪያ ግን መዶሻውን በሆዱ ይዞ የተሠራ ነው። ሞተሩ ሲዞር ኃይሉ በሁለት መንገድ ይከፈላል፤ አንደኛው ክፍል ፑንታውን በደቂቃ 1000 ዙር በሚያህል በረጋ ፍጥነት ሲያዞረው፣ ሁለተኛው ክፍል በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ፒስቶን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሰዋል። ከፒስቶኑ ፊት ለፊትም ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ በነፃነት የሚንሸራተት የብረት ድብልብል አለ፤ በሁለቱ መካከል የታሰረ አየር እንጂ የሚነካካ ብረት የለም። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ሲሸሽ አየሩ ስለሚሳሳ ብረቱን ስቦ ያስከትለዋል፤ ተመልሶ ወደ ፊት ሲሮጥ ግን አየሩ ይጨመቅና እንደ ተወጠረ ደጋን ብረቱን ይወረውረዋል፣ ብረቱም ሄዶ የፑንታውን ጭራ ይመታል። ሦስት ኪሎ ያህል የሚመዝነው መካከለኛው ዓይነት ይህን በደቂቃ ከ4000 ጊዜ በላይ ይፈጽመዋል፤ የምቱም ጉልበት 3 ጁል ቢሆን፣ አንድ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈውን ያህል ነው። የዘርፉ ሊቃውንት አሠራሩን ኤሌክትሮኒውማቲክ ይሉታል፤ የቃሉ ሁለተኛ ክፍል ከጽርእ ፕኔውማ የመጣ ሲሆን፣ ፕኔውማም በዚያ ቋንቋ ነፋስም መንፈስም ይባልበታል፤ በግእዛችን ነፋስና መንፈስ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ለሚያስብ ሰው፣ መንፈስ ገብቶበት የሚሠራ መዶሻ ነው ቢባል ቀልዱ ከእውነቱ እምብዛም አይርቅም።

ከዚህ አሠራር የሚወጣ አንድ ፍሬ ነገር አለ፤ ብዕሬንም ያነሣሁት ስለ እርሱ ነው። መዶሻው የመኪናው ከሆነ ጉልበቱም የመኪናው ነው፤ ለሰውየው የቀረለት መያዝና ማስተዋል ብቻ ነው። ፑንታው ከግድግዳው እንዳይለይ የሚያደርግ ልከኛ ጫና ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ በሆድና በትከሻ ተደግፎ የሚገፋው ሰው ቀዳዳውን አያፋጥነውም፣ ሞተሩን አስጨንቆ የገዛ አንጓውን ያንቀጠቅጣል እንጂ። እኔ እንደማየው በዚህ መሣሪያ ከሚጎዱት ብዙዎቹ፣ ጉልበታቸውን ለመኪና ካስረከቡ በኋላ በጉልበት ማሰብን ያልተዉ ናቸው።

የትውልዱን ነገር ባጭሩ ለማንሣት፣ አርተር አርኖትና ዊልያም ብሬን እ.ኤ.አ. በ1889 በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ለኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ፤ በ1895 በሽቱትጋርት ፋይን የተባለው ድርጅት በእጅ ተይዞ የሚሠራበትን አወጣ፤ በ1917 ብላክና ዴከር የተባሉት አሜሪካውያን እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ እጀታና በጣት የሚሳብ ምላጭ ላለው መሰርሰሪያ መብት አገኙ፤ ቦሽም በ1932 የሚመታውንና የሚዞረውን ባንድነት ለገበያ አቀረበ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በ1975 የመጣው የፑንታው ጭራ ነው። ተራው መሰርሰሪያ ፑንታውን በሦስት መንጋጋ አንቆ ስለሚይዘው ምቱ መንጋጋውን ያላላዋል፤ ኤስዲኤስ የተባለው አሠራር ግን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጭራ ላይ አራት ቦዮች ቆፍሮ፣ በሁለቱ ክፍት ቦዮች ፑንታውን እያዞረ፣ በሁለቱ ዝግ ቦዮች ትንንሽ የብረት እንክብሎች አግብቶ እንዳይወድቅ እየጠበቀው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን እንደ ልቡ እንዲንሸራተት ይተወዋል። የፊደሎቹ የመጀመሪያ የጀርመንኛ ትርጉም «ሰካ፣ አዙር፣ ተቀመጠ» የሚል ሲሆን፣ መሣሪያውን አንድ ጊዜ የያዘ ሰው ከዚህ የበለጠ መመሪያ አያስፈልገውም፤ ጭራውን በጨርቅ ጠርጎ ጥቂት ግሪስ መቀባትን ግን አይርሳ፤ ዱቄት የገባበት መያዣ ቶሎ ያረጃልና። በቀዳዳው ውስጥ የምናገባት ፕላስቲክ ደግሞ አርቱር ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ በ1958 ያወጣት ናት፤ በእኛ ዘንድ የሰውየው ስም የዕቃዋ ስም ሆኖ ስለ ቀረ፣ ፊሸር ስጠኝ የሚለው ገዢ የሰው ስም መጥራቱን አያውቅም።

ወደ ጥንቃቄው ስንገባ፣ አስቀድሞ የሚመጣው የማይታየው ነገር ማለት ኤሌክትሪኩ ነው። 800 ዋት የሚለው መሰርሰሪያ በ220 ቮልት መስመር ላይ ወደ ሦስት አምፔር ተኩል ይወስዳል፤ ከዚህ ውስጥ መቶኛው እጅ በሰው ደረት በኩል ቢያልፍ የልብን ሥርዓት ለማወክ ይበቃል፤ ከዚያም ባነሰ መጠን ጡንቻው ተኮማትሮ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ይሳነዋል። ብዙ ሰው ቆጣሪው አጠገብ ያለው ማቋረጫ የሚጠብቀው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ ማቋረጫ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት ስላልሆነ፣ 16 አምፔር እስኪያልፍ ድረስ ዝም ብሎ ያያል። ሰውን የሚጠብቀው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እያነጻጸረ 30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያገኝ ወዲያው የሚቆርጠው ሌላው ዓይነት ነው። በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን ተሥሎ ቢገኝ መሸፈኛው ድርብ ነው ማለት ነው፤ ስፒናውም ያለ መሬት ሽቦ በሁለት ጥርስ ብቻ መምጣቱ ስለዚህ ነው። ድርብነቱ ግን በተላጠ ገመድና በረጠበ እጅ ላይ ሥልጣን የለውም። በጥቅልል ላይ ያለውንም መቀጠያ ገመድ ሳይፈቱ ከባድ ሥራ መሥራት፣ ሙቀቱ የሚወጣበት አጥቶ ላስቲኩን እስኪያቀልጠው ድረስ መጠበቅ ነው።

በዚህ አጋጣሚ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሻንጣ ስለሚያመጡልን ስጦታ አንድ ነገር ልናገር። የዚያ አገር መሰርሰሪያ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ የስፒናው ጥርስ በማስማሚያ ስለ ገባ ብቻ በእኛ 220 ላይ የሰካው ሰው፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲበር፣ ብልጭታ ሲረጭ፣ በመጨረሻም ሲጨስ ያየዋል። ማስማሚያው የጥርሱን ቅርጽ እንጂ የኤሌክትሪኩን ግፊት አይለውጥም፤ ግፊቱን የሚያወርደው ለመሣሪያው ዋት የሚበቃ ትራንስፎርመር ነው።

ግድግዳውም ራሱ ሆድ ያለው ነገር ነው። ሽቦዎች ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ተነሥተው በአብዛኛው ቀጥ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ስለሚሄዱ፣ በዚያ ትይዩ መብሳት ዕድልን መፈተን ነው፤ የግድ ከሆነ ግን የዚያን ክፍል መስመር ዘግቶ፣ ለመሰርሰሪያው ከሌላ መስመር በመቀጠያ ማምጣት ይገባል። ብሎኬት ሲሆን ደግሞ መዶሻውን አሰናብቶ በማዞር ብቻ መሥራት የተሻለ ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ምቱ በወዲያ በኩል ያለውን ስስ ግድግዳ ገንጥሎ ይጥለዋልና። መምረጫው ቁልፍም የሚዞረው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቆም ነው።

ስለ አቧራው ሰዎች የሚናገሩት ልብስ ስለማቆሸሹ ነው፤ ጭንቁ ግን ዐይን በሚያየው አቧራ ላይ አይደለም። በአሸዋና በኮንክሪት ውስጥ ያለው ሲሊካ ሲደቅ ከአሥር ማይክሮን የሚያንሰው ክፍል በአየር ላይ ተንሳፍፎ እስከ ሳንባው ጥግ ይወርዳል፤ በዚያም የማይሽር ጠባሳ ይተዋል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ብናኝ ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ወገን መድቦታል። አፍንጫን በሻሽ መጠምጠም ትልቁን አስቀርቶ ክፉውን የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ጭምብል ያስፈልጋል። ጣራ ለሚበሳ ሰው ደግሞ፣ ቂጡ የተበሳ የፕላስቲክ ኩባያ በፑንታው ላይ ማጥለቅ ዱቄቱን ከዐይኑ ያስቀርለታል፤ መነጽሩን ግን አይተካለትም። የጆሮውን መሸፈኛ ነገር የሚከራከር ሰው ስለሌለ አልፈዋለሁ፤ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የእጅ ሕመም ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የተሰወረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አሊስ ሐሚልተን የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም በኢንድያና ግዛት፣ ቤድፎርድ በምትባል ከተማ፣ በአየር መዶሻ የኖራ ድንጋይ የሚጠርቡትን ሠራተኞች ብትመረምር፣ በብርድ ጧት ጣቶቻቸው ደም እንደ ራቀው ነጭ ሆነው ሲደነዝዙ አገኘቻቸው። መንቀጥቀጡ የጣትን ጥቃቅን የደም ሥሮችና ነርቮች ቀስ በቀስ ይጎዳቸዋልና ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ ለስምንት ሰዓት ሥራ የጥንቃቄውን ደፍ በመንቀጥቀጥ መለኪያ 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ላይ አቁሞታል፤ በመመሪያ መጽሐፉ 12 የተባለለትን መሰርሰሪያ የሚይዝ ሰው ሒሳቡን ቢያሰላው፣ ምላጩን በቀን 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ስቦ ከደፉ ይደርሳል። ሥራውን እየተፈራረቁ መሥራት ስንፍና የሚመስለው አሠሪ ይህን ስሌት ቢያየው ደስ ይለኛል።

ከመሰርሰሪያው ጎረቤት ግራይንደሩን ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ 11000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ እንዲህ የሚበር ነገር ቢሰበር ስብርባሪው የሚሄድበትን አይመርጥም። ይህን እያወቁ መከላከያውን ፈትተው ከትንሹ መኪና ላይ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚገጥሙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ትልቁ ዲስክ የተፈቀደለት ፍጥነት 6600 ዙር ገደማ መሆኑ በራሱ በዲስኩ ላይ ተጽፎ ሳለ ማለት ነው። በመካከሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይም የሚያበቃበት ጊዜ ታትሟል፤ ማያያዣው ሙጫ ያረጃልና። ነጠላ፣ ሻሽ፣ የተንጠለጠለ እጅጌ በሚዞር ነገር አጠገብ ምን እንደሚያደርግ ግን ለመግለጽ ብዕሬ አይታዘዘኝም።

በመጨረሻ ያስቀረሁት በኮንክሪት ውስጥ የሚቀበረውን ብረት፣ የፌሮውን ነገር ነው፤ በቤቴ ስላየሁት። ለመጻሕፍት መደርደሪያ ቀዳዳ እንዲበሳልኝ የጠራሁት ወጣት ግንበኛ፣ የጎኑን እጀታ በሳጥኑ ውስጥ ትቶ ባንድ እጁ ይሠራ ጀመር። ሦስት ጣት ያህል ከገባ በኋላ የፑንታው ጫፍ ፌሮ አግኝቶ ቢነክስ፣ ፑንታው ቆመ፤ የቆመ ፑንታ ያለው መኪና ደግሞ መዞር ስለማይተው የሚዞረው አካሉ ነው። እንዲህ ሲሆን በውስጡ ያለው መንሸራተቻ ኃይሉን እንዲለቅ ተደርጎ ቢሠራም፣ እስኪለቅ ድረስ ያለችው ቅጽበት ለአንጓ ትበቃለች። ልጁ መሰላል ላይ አልነበረም እንጂ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ እጽፍ ነበር። መኪናውን አስቀምጦ፣ አንጓውን እያሻሸ፣ «ጋሼ፣ ብረት ነው» አለኝ። እኔም በሞኝነቴ ገፋ አድርገህ አሳልፈው ብለው፣ ራሱን ነቀነቀና፣ «ቤቱን የተሸከመው እኮ እሱ ነው» ብሎ ስፒናውን ነቀለ፤ እጀታውን ከሳጥኑ አውጥቶ አጠበቀ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ቆርቆር አድርጎ ካዳመጠ በኋላ አራት ጣት ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ አዲስ ምልክት አደረገ። መደርደሪያው እስከ ዛሬ ከመስኮቱ ጋር አልተካከለም።