ትንፋሹ ተመልሷል፣ ጅማቱስ?

ከጉዳት የተመለሰ ሯጭ ብዙ ጊዜ ዳግም የሚጎዳው አቅም ሲያንሰው ሳይሆን ደህና ነኝ ብሎ ባመነበት ሳምንት ነው። ኮተቤና ካራ አካባቢ ከቡድን ጋር ጫካ የሚገባ፣ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ይህን ታሪክ ከራሱ ወይም ከጓደኛው ያውቀዋል። ወር ሁለት ወር ያርፋል፤ ሕመሙ ይጠፋል፤ ሩጫ ይጀምራል፤ ትንፋሹም ቶሎ ይከፈትለታል። ከዚያ ቡድኑን ተከትሎ ዳገት በወጣ ማግስት፣ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ ተረከዙን መርገጥ ያቅተዋል። ልብና ደም የሚያገግሙበት ፍጥነት ሌላ፣ ጅማት የሚያገግምበት ፍጥነት ሌላ ነው። ከጉዳት በኋላ አሰልጣኝ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ማጣራት ያለበት አሰልጣኙ ይህን ልዩነት ማወቁን ይመስለኛል።

ልምምድ ሲቆም ብቃት ይወርዳል፤ ይህ እውነት ነው። ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት፣ በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች ልምምድ ሲያቆሙ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በ21 ቀን ውስጥ 7 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚታየው ቅናሽ ዋናው ምክንያት በሰውነት ውስጥ ያለው የደም መጠን ማነሱ ነው። እሱ ደግሞ ልምምድ ሲጀመር ቶሎ ይመለሳል። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር አልፎ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ሯጭ ራሱን የሚመዝነው በትንፋሹ ነው። ትንፋሹ ከቀለለለት ድኛለሁ ይላል። ስለ ጅማት ግን ትንፋሽ የሚነግረን ነገር የለም።

የተረከዝ ጅማት፣ ማለትም አኪለስ፣ ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ ሲሆን በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ጠንካራው ነው። በሩጫ ጊዜ የሰውነትን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሸከማል። የሚደርሰው ደም ግን ጥቂት ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አስገራሚ ነገር አሳይተዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ላይ የረጩት ካርቦን 14 በምግብ በኩል በሰው ሁሉ አካል ውስጥ ገብቶ ነበር። ካትያ ሃይነማየርና ባልደረቦቿ ያንን ምልክት ተጠቅመው የጅማቱን እምብርት ዕድሜ ለኩ። ውጤቱ የጅማቱ እምብርት በመጀመሪያዎቹ 17 የዕድሜ ዓመታት ገደማ ተሠርቶ እንደሚያልቅና ከዚያ በኋላ እምብዛም እንደማይታደስ የሚያሳይ ነበር። በዚህ መሠረት፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አቅራቢያ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የተሠራው የጅማቱ እምብርት ነው ሲድኒ ድረስ የተጓዘው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኦሊምፒክ ያንን ጅማት እያመመው 10,000 ሜትር ሮጦ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመ። ከውድድሩ በኋላ በቀዶ ሕክምና ታከመ። በቀጣዩ ዓመት ኤድመንተን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ። በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 የሮጠው በ2008 ነው። በመካከል ያለፉትን ዓመታት ልብ ይሏል።

እምብርቱ ካልታደሰ ታዲያ የታመመ ጅማት እንዴት ይድናል? በሸክም ነው። በስዊድን የኡሜዮ ከተማ የአጥንት ሐኪም የሆነው ሀካን አልፍሬድሰን ራሱ ጅማቱ ታሞበት ነበር። አለቃው ቀዶ ሕክምና አላደርግልህም አለው። እሱም ሕመሙ ብሶ ቀዶ ሕክምናው ግድ ይሆናል ብሎ በማሰብ ተረከዙን በከባድ ሸክም ደጋግሞ ያሠራው ጀመር፤ ዳነበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት 15 ሯጮች ይህንን ለ12 ሳምንት ከሠሩ በኋላ ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል።

አሠራሩ መሣሪያ አይፈልግም፤ የመስቀል አደባባይ ደረጃም የቤት ደረጃም ይበቃል። በጣቶች በኩል ባለው የእግር ክፍል ደረጃው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ተረከዝ አየር ላይ ይቀራል። በደህናው እግር ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣና ክብደቱ በሙሉ ወደ ታመመው እግር ይዞራል። ከዚያ ያ ተረከዝ በዝግታ ከደረጃው ጠርዝ በታች ይወርዳል። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎም እንዲሁ፤ ይህ ጠዋትና ማታ ይሠራል። ሲቀልል የተሞላ ቦርሳ በጀርባ ይታከላል። ሕመሙ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሆነ ሰው ግን ከደረጃው ጠርዝ በታች መውረድ የለበትም፤ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጫናልና። ጅማቱ ጧ ብሎ ከተሰማ በኋላ በጣት መቆም ያቃተው ሰው ደግሞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ደረጃ አይሂድ።

«ሕመም ካለ አትሩጥ» የሚል አሰልጣኝ አለ፤ «ሕመም ምን አባቱ፣ ሩጥ» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ካሪን ሲልበርናገልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት የተረከዝ ጅማት ጉዳተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን ለ6 ሳምንት ከሩጫ ከለከሉ፤ ሌላውን በገደብ እንዲሮጥና እንዲዘልል ፈቀዱለት። ገደቡ ከ10 ነጥብ ሕመሙ ከ5 አይበልጥ፣ በማግስቱ ጠዋት ይብረድ፣ ከሳምንት ሳምንትም አይጨምር የሚል ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ያለ ልዩነት ተሻላቸው። ስለዚህ አሰልጣኙ ሊጠይቅ የሚገባው ትልቁ ጥያቄ «ትናንት እንዴት ሮጥክ?» ሳይሆን «ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ እንዴት ነበርክ?» ነው። ከተረከዙ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጅማቱን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ቆንጠጥ አድርጎ የዛሬውን ሕመም ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ከየትኛውም የእጅ ሰዓት የተሻለ መለኪያ ነው።

አሰልጣኙ የመሬቱንም ጠባይ መቁጠር አለበት። ሯጮቻችን አስፋልትን፣ ኮሮኮንችንና ጫካን ለይተው ነው የሚያወሩት፤ ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። ለተጎዳ ጅማት ግን ከሁሉ በላይ የሚከብደው ዳገትና ፍጥነት ነው። ዳገት ላይ ቁርጭምጭሚት ይበልጥ ስለሚታጠፍ ባትና ጅማት በእያንዳንዱ እርምጃ የበለጠ ይሠራሉ። ቁልቁለት በአንጻሩ ጉልበትንና ጭንን ይጎዳል። እንጦጦ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ያሳያል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጃን ሜዳ ሣር ላይ፣ በእግር ጉዞና በሶምሶማ እያፈራረቀ የሚያስጀምር አሰልጣኝ ተራራውን ከሚወድ ይሻላል። በቡድን ውስጥ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ በዛፎች መካከል መጠማዘዝ የሥልጠናችን ውበት ነው፤ የፊተኛው እግር ግን የአንተን ጅማት አያውቅም። ከኋላ እንድትሮጥ፣ ከመንገድም እንድትመለስ የማይፈቅድ ቡድን ለጊዜው ይቅርብህ።

አሰልጣኙ ስለ መድኃኒትም ይጠይቅ። እዚህ ከተማ ለታይፎይድና ለተቅማጥ በየጊዜው የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተረከዝ ጅማትን ሊያቆስልና ሊበጥስ እንደሚችል ይታወቃል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲታከል አዝዟል። የታዘዘለት ሯጭ በራሱ አያቁም፤ ሯጭ መሆኑንና ጅማቱን እንደሚያመው ለሐኪሙ ይንገር። ወጌሻ ጋ መሄድም የተለመደ ነው። ባትን ማሸት ያፍታታል፣ ሕመምንም ለጊዜው ያስታግሳል። ያበጠውን ጅማት ራሱን ጨምቆ ማሸት ግን አይጠቅምም፤ የሸክሙን ሥራም አይተካም። ፊዚዮቴራፒስት ከማማከር ወደኋላ የማይል፣ ከእሱ የመጣውን ፕሮግራም ከሩጫው ጋር የሚያስማማ አሰልጣኝ ካገኘህ አጥብቀህ ያዘው።

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2010 ባቱን ተጎድቶ ለሁለት ዓመት ያህል ከትራክ ራቀ። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26:43.16 ሮጠ። በ2019 በርሊን ላይ በ2:01:41 ለዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ ቀረው፤ በ2020 ደግሞ ለንደን ላይ ባቱ እንደገና ከውድድር አስቀረው። የእሱን ጽናት ስናደንቅ ውጣ ውረዱንም አብረን እንቁጠር፤ ማገገም ቀጥ ያለ መስመር ሆኖለት አያውቅም።

ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚያስብ ጉዳተኛ ካለ፣ የደረጃው ሥራ 12 ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር ነሐሴ ላይ ይደርሳል። በነሐሴ የእንጦጦ መንገድ ጭቃ ነው፤ ሥራው ግን ቤት ውስጥ ሊጀመር ይችላል።