የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መኪና በማይገባበት የተራራ መንገድ በብስክሌት ሲጓዝ

አጎቴ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ከያዛቸው ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሜትፎርሚንና ግሊሜፒራይድ ይወስዳሉ። ባለፈው ዓመት ልጆቻቸው ለነሐሴ መጀመሪያ የሦስት ቀን የብስክሌት ጉዞ አዘጋጁላቸውና ደወሉልኝ። «መኪና የማይገባበት መንገድ ነው፤ ምን ያስፈራል?» አሉኝ። ጊዜው ግን ፍልሰታ ነበር፤ ጋሼ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ ሰው ናቸው።

ስለ መኪናው ልክ ናቸው። ነገር ግን ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ዋናው አደጋ ከመንገዱ ላይ ሳይሆን ከመድኃኒቱ፣ ከምግቡና ከእንቅስቃሴው አለመመጣጠን ይመጣል። መንገዱ ከከተማ የራቀ ሲሆን ደግሞ እርዳታም ይርቃል። ይህ ጽሑፍ ተመሳሳይ ጉዞ ለሚያስቡ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው።

መንገዱ ምን ይመስላል?

ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባለው መንገድ ከሜሪላንዷ ከምበርላንድ ተነስቶ በፔንስልቬንያ ደናማ ተራሮች መካከል አልፎ ፒትስበርግ ይደርሳል። ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምበርላንድ ላይ ደግሞ ከዋሽንግተን ዲሲ ከሚመጣው የሲ ኤንድ ኦ ካናል የእግር መንገድ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። በሁለቱም ላይ መኪና አይነዳም፤ የመኪና መንገድ የሚያቋርጡባቸው ቦታዎች ግን ስላሉ እዚያ ቆሞ ግራ ቀኝ ማየት ያስፈልጋል።

የግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ አብዛኛው ክፍል የድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል ሐዲዱ ተራራውን በቀስታ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠርቷል። ከከምበርላንድ እስከ ከፍተኛው ቦታ ድረስ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት አለ፤ ሆኖም በየ100 ሜትሩ የሚወጡት 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍተኛው ቦታም ከባሕር ወለል በላይ 729 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ በእጅጉ ዝቅ ይላል።

ለጤና ያለው ጥቅም

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎት ፍጥነት ነው። ዳገቱ ለስላሳ በሆነ መንገድ ይህን ልክ ለመጠበቅ ቀላል ነው። ብስክሌት የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይስማማል።

ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ ስኳርን ከደም ውስጥ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ጭምር ይወስዳል። ጉዞው ካበቃ በኋላም የተጠቀመበትን ክምችት ለመተካት መውሰዱን ይቀጥላል። የእንቅስቃሴ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የስኳር ማነስ፦ ዋናው ስጋት

የደም ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ (ቁጥሮቹ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው) ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ረሃብና ግራ መጋባት ይታያሉ። ይበልጥ የሚያሰጋቸው ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ክኒኖችን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን የሚያስከትለው አልፎ አልፎ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስኳሩ የሚወርደው ፔዳል እየመቱ ሳለ ብቻ አይደለም፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊወርድ ይችላል። በመሆኑም ቀን ሙሉ በደህና የተጓዘ ሰው ሌሊት ተኝቶ ሳለ ሊወርድበት ይችላል።

እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ሊደብቁ ይችላሉ፤ ላብ ግን ብዙ ጊዜ ይታያል። ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ስሜትዎን ሳይሆን የስኳር መለኪያውን ይመኑ።

ከጉዞው በፊት

ቢያንስ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። በጉዞው ቀናት የኢንሱሊን ወይም የክኒን መጠን መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን ሐኪም እንጂ ራስዎ አይወስኑ። በተለይ የሚከተሉት ካሉ ሳይመረመሩ አይነሱ፦

- በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚመጣ የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር
- በቅርቡ የደረሰ የልብ ሕመም
- ያልተስተካከለ የደም ግፊት
- በስኳር ምክንያት የመጣ የዓይን ጉዳት
- በእግር ላይ ያለ ቁስል ወይም መደንዘዝ

በጾም ወቅት፣ ፍልሰታም ይሁን ረመዳን፣ እየጾሙ ረጅም መንገድ መጓዝ እነዚህን መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። ጉዞውን ከጾሙ ውጭ ማድረግ ይሻላል። የማይቻል ከሆነ ሐኪምዎንም የሃይማኖት አባትዎንም አስቀድመው ያነጋግሩ።

በመንገድ ላይ

- ከመነሳትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ። ኢንሱሊን ወይም ከላይ የተጠቀሱትን ክኒኖች የሚወስዱ ከሆነና ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ዳቦ ወይም ሙዝ ይብሉ። ከ250 በላይ ሆኖ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ካለ አይጓዙ።
- ጣፋጩን፣ መለኪያውንና ውሃውን ራስዎ ይያዙ። ልጅዎ ቦርሳ ውስጥ ያለ ጁስ ልጅዎ ቀድሞ ከሄደ አይጠቅምዎትም።
- የኢንሱሊን ተጠቃሚ ከሆኑ ከመጓዝዎ በፊት ጭንዎ ላይ አይውጉ፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊኑን ቶሎ እንዲሰራጭ ያደርገዋል። መድኃኒቱን ፀሐይ ላይ አይተዉት።
- የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሙቀት ጊዜ የውሃ እጥረት ቶሎ ይመጣል። ስለ ውሃና ስለ መድኃኒቱ አጠቃቀም ሐኪምዎን ይጠይቁ።
- ሄልሜት ያድርጉ። ቢግ ሳቬጅ የሚባለው ዋሻ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም መብራት ይያዙ። ዋሻው በረዶ በሚጥልባቸው የብርድ ወራት ይዘጋል።
- ማታ ጫማዎን አውልቀው የእግርዎን ጣቶችና ተረከዝ በደንብ ይዩ።

ቤተሰብ ከታማሚው ፊት ሳይሆን ከኋላ ቢከተል ይመረጣል። ብስክሌቱ ወዲያና ወዲህ ካለ፣ ሰውየው ያለ ምክንያት ከተቆጣ ወይም ንግግሩ ከተምታታ አስቁመው ይለኩለት።

ስኳር ሲወርድ ምን ይደረግ?

ወዲያው ቁሙ። ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ፣ አለዚያም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ስጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ሲሻለው የሚቆይ ምግብ ይብላ።

ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ በሐኪም የታዘዘ ግሉካጎን ካለ ስጡት፣ 911 ደውሉ። በሁለቱም መንገዶች ዳር የማይል ቁጥር የተጻፈባቸው ምልክቶች ስላሉ ያለፋችሁትን የመጨረሻ ቁጥር ንገሯቸው። በተራሮቹ መካከል ስልክ የማይሠራባቸው ቦታዎች ስላሉ ብቻ መጓዝ አይመከርም።

መዥገርን አይርሱ

መዥገር በአገራችን የከብት ጣጣ ተደርጎ ይታያል። በሜሪላንድና በፔንስልቬንያ ጫካ ውስጥ ግን ጥቁር እግር ያለው ትንሽ መዥገር ላይም የተባለውን በሽታ ወደ ሰው ያስተላልፋል። ብዙውን ጊዜ በሽታውን ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት ስላለበት በየምሽቱ ብብትን፣ ብሽሽትን፣ ከጉልበት ጀርባንና የራስ ቆዳን መፈተሽ ይረዳል። ካገኙት በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሽፍታው በጥቁር ቆዳ ላይ ደምቆ ላይታይ ስለሚችል በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ።

ጋሼ ምን አደረጉ?

ጉዞውን ወደ መስከረም አዛወሩት። እስከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን በሰፈራቸው ተለማመዱ፤ ሐኪማቸውም ለጉዞው ቀን የግሊሜፒራይዱን መጠን ቀነሱላቸው። ሦስቱ ቀን ወደ አንድ ቀን አጠረ፦ ከፍሮስትበርግ ወደ ከምበርላንድ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት። ቀኑን ሙሉ ስኳራቸው ደህና ነበር።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን በላብ ተነክረው ነቁ። ሲለኩ 64 ነበር። ልጃቸው አስቀድመን ተነጋግረን ስለነበር ጁሱን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጣለች። ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ ዳቦ በልተው ተኙ። በማግስቱ ለሐኪማቸው ደውለው ነገሩ፤ ለሚቀጥለው ጉዞ የማታው ምግብና መድኃኒት እንደገና ተስተካከለ። እርስዎም ከመነሳትዎ በፊት ሐኪምዎን «ሌሊቱንስ ምን ላድርግ?» ብለው ይጠይቁ።