ደሴት የነበረው እስጢፋኖስ፦ ሐይቅንና አምባሰልን ለመጎብኘት ላሰቡ

ላሊበላን ያሰበ መንገደኛ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲያልፍ በሐይቅ ከተማ ቢቆም ለምሳ ያህል ነው፤ ዓሣውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ያስቆጫል። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው አጭር መንገድ ላይ የአገራችን ታሪክ ትልልቅ ምዕራፎች ተደራርበው ተቀምጠዋልና፣ ሁለት ሌሊት አድሮ ማየት ይገባል።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ውኃው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ተንጣሏል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። የሚገቡበት ወንዞች አሉት እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የእስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት መሬት በጥንት ዘመን ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ውኃው እየሸሸ ከየብስ ጋር ስለተገናኘ ዛሬ በእግር ይገባል።

የአካባቢው ሰው የሐይቁን አፈጣጠር የሚያወራው በሌላ መንገድ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ምድሩን ከነልዕልቲቱና ከነወገኖቿ ውኃ አደረገው፤ የተረፈው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነበር፤ ደሴቱም እርሱ ነው ይላሉ። ፍርድ ለተነፈገ ሰው ምድር ራሷ እንደምትፈርድ የሚናገር አፈ ታሪክ ስለሆነ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ለእንግዳ የምነግረው ይህንን ነው።

ገዳሙ ስሙ የገነነው በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ መንኩሰው ወደ ሐይቅ መጡና ትምህርት ቤት አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ሊባኖስ በፊት የተማሩት እዚህ ነው። በ1270 እ.ኤ.አ. ዙፋን የያዘውን ይኩኖ አምላክንም ትውፊት ከዚሁ ገዳም ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሐይቅ አበምኔት «አቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ባለሥልጣናት ጎን ይቆም ነበር። ይህን የምታህል ቁራጭ መሬት ለዘመናት የመንግሥት ምክር ተካፋይ ሆና መኖሯ ይደንቀኛል። በ1280 ወይም 1281 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቅ እጅግ ጥንታዊ የአገራችን ብራናዎች አንዱ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር እዚህ ሲደርስ በመካከል ውኃው ስለነበረ ተንሳፋፊ መሻገሪያ መሥራት ግድ ሆኖበታል።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ፦ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀኑን በሐይቁ ዳር ቢያሳልፍ ይሻላል፤ ወፉ ብዙ ነው፣ ጀልባም አለ። ቀረሶ የተባለውን ዓሣም ትኩስ በትኩስ ጠብሰው ያቀርባሉ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ኅዳር 26 ነው፤ ያኔ ዝናቡ አልፎ አየሩም ይጠራል።

ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ውጫሌ ትገኛለች። ከእርሷ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። በውሉ አንቀጽ 17 የተነሳው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በጦር ሜዳ ተቋጨ። ለአድዋ በዓል ወደ ተራራው የሚጓዝ ሁሉ ነገሩ የተጀመረበትን ይህን ሜዳም ቢረግጥ ደስ ይለኛል፤ ውጫሌ አጠገብ ነውና ብዙ አያስኬድም።

አምባሰል ለሙዚቃችን ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ ስሟን የሰጠች ምድር ናት። ግሸን ማርያምም በዚሁ ወረዳ፣ በመስቀል ቅርጽ በተሠራው አምባ አናት ላይ ናት፤ የነገሥታት ልጆች በግዞት የኖሩበት ተራራም ይኸው ነው። መስከረም 21 ምእመናኑ ከየአቅጣጫው ስለሚጎርፉ ለበዓሉ የሚመጣ ሰው ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ፤ ጸጥታ የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ወር ይምረጥ። አካባቢው በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ቀጠና ስለነበረ፣ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደሴ ላይ ይጠይቁ።