የብሎን ራስ ምን ይነግረናል?

እኛ የመምህርነት ሠልጣኞች ነገ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙ ወይም ወደ ማና ስንመደብ የሚጠብቀን ጠመኔና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። እግሩ የላላ ዴስክ፣ ማጠፊያው የወለቀ በር፣ ከግድግዳው የሸሸ ጥቁር ሰሌዳም ይጠብቀናል። አናጢ በቅርብ ካልተገኘ ጠጋኙ መምህሩ ራሱ ነው። ከዴስክ ላይ ጎልቶ የቀረ አንድ የብሎን ራስ ደግሞ የልጅን እግር ይቧጭራል፤ ያለችውን አንዲት ዩኒፎርም ይቀዳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እንጨት ብሎን ራስ ጥቂት ለማስረዳት ወደናል።

ለመሆኑ የብሎን ራስ ሥራው ምንድን ነው?

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ ሚስማርም ብሎንም አያሻውም። ዴስክ ግን ከብዙ ቁራጭ የሚገጠም ነው። ሚስማር ቁራጮቹን የሚይዘው ከእንጨቱ ጋር በመተሻሸት ነው፤ ሲወዘወዝ ይላላል። ብሎን ግን ጥርስ አለው። ሲዞር ጥርሱ የታችኛውን እንጨት ነክሶ ወደ ላይ ይስባል፤ ራሱ የላይኛውን እንጨት ወደ ታች ይጫናል። ሁለቱ እንጨቶች በጥርስና በራስ መካከል ይጨመቃሉ ማለት ነው። ጥርሱ ምንም ጠንካራ ቢሆን ራሱ በደንብ ካልተቀመጠ ልፋቱ ከንቱ ነው።

እኛ የቡና አገር ሰዎች ነንና የራሶቹን ዓይነት በሲኒ ብናስበው አይረሳንም።

አንደኛ፦ ጠፍጣፋ ራስ። ልክ እንደ ቆመ ሲኒ አናቱ ሰፊ፣ ከሥሩ እየጠበበ የሚሄድ ነው። የቀዳዳው አፍ በዚያው ቅርጽ ሰፋ ከተደረገለት ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኖ ይቀመጣል። የበርና የመስኮት ማጠፊያ፣ የዴስክ መቀመጫና መጻፊያ የሚፈልጉት ይኸንን ነው። በማጠፊያው ላይ ክብ ራስ ብናስገባ ሁለቱ ክንፎች ሲገጥሙ ራሶቹ ይጋጩና በሩ አልዘጋ ይላል። ጠፍጣፋውም ቢሆን ጠንቅ አያጣውም፤ እንደ ሽብልቅ ስለሆነ አፉ ሳይሰፋ በግድ ከታሰረ፣ በተለይ በጣውላ ጫፍ ላይ፣ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

ሁለተኛ፦ ክብ ራስ። የተደፋ ሲኒ ይመስላል፤ ከላይ ድቡልቡል፣ ከሥር ልሙጥ ነው። እንጨት ውስጥ አይሰምጥም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይጫናል። ቆርቆሮ ወይም ስስ ብረት ከእንጨት ጋር ለማያያዝ፣ ከሥሩ ሮንዴላ ለሚገባበት ሥራም ተስማሚ ነው። ልጅ በሚቀመጥበትና በሚደገፍበት ቦታ ግን አይደረግም።

ሦስተኛ፦ ግማሽ ክብ ራስ። ይህ እስከ አፉ ተሞልቶ ቡናው ጉብ ያለ ሲኒ ነው፤ ከሥሩ ሾጣጣ፣ አናቱ በመጠኑ ያበጠ። ለዓይን ስለሚያምር በቁም ሣጥን እጀታና በመሰል ጌጣጌጥ ላይ ይገባል።

አራተኛ፦ ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ። ይኸኛው ከሲኒው ወገን አይደለም። በመፍቻ የሚታሰር ወፍራም ብሎን ሲሆን ምሰሶን ከአግዳሚ ለመሳሰለው ከባድ ሥራ ነው።

ከገበያ ስንገዛ ርዝመቱን ማወቅም ያሻል። ጠፍጣፋ ራስ ከነራሱ ይለካል፤ ክብ ራስና ባለ ስድስት ማዕዘኑ ከራሱ ሥር ጀምሮ ይለካሉ። የሚቆጠረው እንጨት ውስጥ የሚገባው ነውና። ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው የታችኛውን እንጨት ቢነክስ መልካም ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ጣውላን ከወፍራም እግር ጋር ለማሰር 60 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል።

በአናቱ ላይ ያለው ቦይስ?

ካቻቢቴ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በዚያ ቋንቋ «ቪቴ» ብሎን ማለት ነው፤ የወይን ተክልም ቪቴ ይባላል፤ ሐረጉ እንደሚጠመዘዝ ብሎኑም ይጠመዘዛልና። ባለ አንድ ቦይ ራስ የቆየው ዓይነት ነው፤ ካቻቢቴው ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላል። ባለ መስቀሉን በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ የባለቤትነት መብት አውጥቶበት የመኪና ፋብሪካዎች ተቀበሉት፤ ካቻቢቴውን መሐል ላይ ያዝ ያደርገዋል። የትኛውም ይሁን፣ ካቻቢቴው ቦዩን በልኩ መሙላት አለበት። ትንሽ ካቻቢቴ በትልቅ ራስ ላይ ከተሞከረ ቦዩን ያሟሽሸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ብሎኑ አይፈታም።

«በመዶሻ ብንመታው ምን ችግር አለው? ይፈጥናል እኮ!» የሚል አይጠፋም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የተመታ ብሎን በጥርሱ የሚነክሰውን እንጨት በጣጥሶ ስለሚገባ የሚይዘው ነገር አይኖረውም። ይልቅ አስቀድመን በትራፓኖ ከብሎኑ የቀጠነ ቀዳዳ እንብሳ፤ ጥርሱንም ሳሙና ወይም ሰም እንቀባ። ዋንዛ ለሥራ የሚታዘዝ እንጨት ነው፤ ወይራ ግን ጠንካራ ነውና ያለ ቀዳዳ ከተሞከረ የብሎኑ አንገት ይቆረጣል። አገራችን ዝናብ የበዛበት ስለሆነ ዚንክ የተለበጠውን ብንመርጥ ቶሎ አይዝግም።

ብሎን ከሚስማር የሚሻልበት ትልቁ ምክንያት ተፈትቶ መልሶ መታሰሩ ነው። ዴስኩ ሲላላ ይጠበቃል፤ አንዱ ጣውላ ሲሰበር እሱ ብቻ ይለወጣል፤ ሌላው አይጣልም። ወንበር ባነሰበት ክፍል ይህ ማለት ሁለት ወይም ሦስት ልጆች መሬት ላይ አይቀመጡም ማለት ነው።

ስለዚህ አራቱን ራሶች በካርቶን ላይ ሰክተን፣ ስማቸውንና ሥራቸውን ከሥራቸው ጽፈን መርጃ መሣሪያ እናዘጋጅ። ወጪው ጥቂት ነው፤ ስንመደብም ይዘነው እንሄዳለን።